አባቴ ያልተነሡበት ቅዳሜ

በእኛ ከተማ ሰው ዝም ብሎ አይማርም። የሚማር ከሆነ አንድም ለደመወዝ እርከን፣ አንድም ለዝውውር፣ አንድም ቤቱ ካለ ሰው ለመሸሽ ነው። ከሦስቱ ያልሆነ ትምህርት የጀመረ ይጠረጠራል። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ጂኦግራፊ የማስተምር፣ ሃምሳን ልደፍን ጥቂት የቀረኝ ሴት ነኝ። አንድ ቀን በመምህራን ማረፊያ ክፍል «በዘይት ቀለም ሥዕል መሳል እየተማርኩ ነው» የሚል ቃል አመለጠኝ። አንዱ «ዲግሪ አለው?» አለኝ። አንዷ «ባልሽ ያውቃል?» አለችኝ። ከሁሉ የባሰብኝ ግን ምንም ሳይል ያየኝ የሒሳብ መምህሩ ነው። ዓይኑ «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» ይል ነበር፤ ጨዋ ስለሆነ አፉ ዝም አለ።

እናንተም «ለመሆኑ ለምን?» ሳትሉኝ አትቀሩም። ጥፋቱ የነጠላዬ ነው። ስለ እጥፍ ተራሮች በማስተምርበት ሰሞን የመጽሐፉ ሥዕል ስለማይታይ ነጠላዬን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አነጥፍና ከግራና ከቀኝ ገፋ ገፋ አደርገዋለሁ። ጨርቁ መሀሉ ላይ ተነሥቶ ሸንተረር ይሆናል፤ በሸንተረሮቹ መካከል ሸለቆ ይወጣል። ተማሪዎቹ ይወዱታል። አንድ ጠዋት ታዲያ ብርሃን በመስኮት በአግድም ገብቶ ነጠላው ላይ ሲያርፍ፣ ማስተማሬን ትቼ እጥፋቱን ሳይ ቀረሁ። ነጭ ነው ከምለው ነጠላ ውስጥ ነጭ ፈልጌ አጣሁ። አንዱ ጎኑ የቅቤ ቀለም አለው፤ ጥላው ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ከታች በኩል ደግሞ የጠረጴዛው ቡናማነት ወጥቶበታል። «ቲቸር፣ ተደወለ እኮ» ሲሉኝ ነው የነቃሁት። ዕድሜ ልኬን ለብሼው የኖርኩትን ጨርቅ ለካ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም።

መምህሬ አዲስ አበባ ሥዕል ተምሮ፣ የፍኖተ ሰላም ነርስ አግብቶ የመጣ ልጅ ነው። እንጀራው የሱቅ ታፔላ መጻፍ ነው፤ እሑድ ከሰዓት ግን ከአንድ አናጢ ቤት ጀርባ በተከራያት ክፍል እኔንና ጡረታ የወጡ አንድ የትራፊክ ፖሊስ ያስተምራል። እሳቸው የሚስሉት መኪና ብቻ ነው፤ ሥራ ላይ ሳሉ ያመለጣቸው ሳይኖር አይቀርም። ቀለሙ የሚለወሰው በተልባ ዘይት መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ተልባ እኛ ቀዬ የሞላ ነገር ነው። አመሉ ግን ሌላ ነው። አይደርቅም። መምህሬ «እሱ ነው ጥቅሙ፤ ብትሳሳቺ በማግስቱም ጠርገሽ ታርሚዋለሽ» አለኝ። ይህንን ለአንዲት ጓደኛዬ ብነግራት «ጋብቻም እንዲህ በሆነ» ብላ ተከዘች።

ጥቂት ወራት ሸክላና ሽንኩርት ስንስል ከከረምን በኋላ የሰው ተራ ደረሰ። ጋቢ የለበሰ፣ የተቀመጠ ሰው። መምህሬ ደጋግሞ የሚላት ነገር አለችው፦ «ጨርቁን ተዪው፤ ከጨርቁ ሥር ያለውን ሰው ፈልጊ። እጥፋት በባዶ ሜዳ አይመጣም። ወይ ትከሻ ይዞታል፣ ወይ ክርን፣ ወይ ጉልበት።» ለዚህ ሞዴል ያስፈልጋል። ሞዴል ማለት በገንዘብ ወይም በዝምድና ተይዞ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው ማለት ነው። እኔ በዝምድናው ሄድኩ።

አባቴ አቶ ፈንቴ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ቀጭን ናቸው፣ ረጅም ናቸው፤ ጋቢ ሲለብሱ ለእሳቸው ተብሎ የተፈለሰፈ ልብስ ይመስላል። ጋቢውን የፈተለችው እናቴ ናት። መጀመሪያ ስጠይቃቸው ደነገጡ። «ሥዕል የቅዱሳን ነው እንጂ እኔ ምን ቆርጦኝ?» አሉኝ። ብዙ ተሟገትን። በመጨረሻ «ለትምህርቴ ነው እኮ፣ አባየ» አልኳቸው። በዚህች ቃል ተሸነፉ። ልጆቻቸውን ሁሉ ያስተማሩ ሰው ናቸውና ትምህርት ከተባለ እንኳን መቀመጥ ቢንጠለጠሉም እሺ ይላሉ።

በታኅሣሥ፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ቅዳሜ፣ ሸራዬንና ቀለሜን አንጠልጥዬ በሚኒባስ ቡሬ፣ ከቡሬ በባጃጅ፣ ባጃጁ «ከዚህ አላልፍም» ካለበት በእግሬ ሄድኩ። አባቴን በረንዳው ላይ አስቀመጥኳቸው። ብርሃኑ ግሩም ነበር። የበረንዳው ችግር ፊቱን ወደ ገበያ መንገድ መስጠቱ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ነው።

እዚህ ላይ የከተማ ልጅ የሆናችሁ ታገሱኝ። በእኛ ቀዬ ሰው ሲመጣ የተቀመጠ ሰው ይነሣል። ተነሥቶም «ኖር!» ይላል። መጪው «በእግዜር!» ብሎ ይመልሳል፤ ከዚያ የሰው ደኅንነት፣ የከብት ደኅንነት፣ የአዝመራ ደኅንነት ይጠየቃል፤ ሁሉም ደኅና ነው፣ ይመስገን። መጪው በዕድሜ ከፍ ያለ ወይም ካህን ከሆነ ደግሞ መነሣት ብቻውን አይበቃም፤ ጋቢ ከትከሻ ይወርዳል። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ይህ ወግ እየተረሳ ነው። ቢሮ ስትገቡ የሚነሣላችሁ የለም፤ ከስልኩ ቀና ያለላችሁ ባለሥልጣን ካለ የዘመድ ያህል ቁጠሩት። አባቴ ግን ለጎረቤት ይነሣሉ፣ ለማያውቁት ይነሣሉ፤ አህያ ብቻዋን መጥታ እንኳ ባለቤቷ ከኋላ አለ ብለው ግማሽ ይነሡላታል።

እኔ እንግዲህ ከትከሻቸው ወደ ጉልበታቸው የሚወርደውን አንድ ረጅም እጥፋት ይዤ፣ ጥላው ሰማያዊ ነው ወይስ ግራጫ እያልኩ ስመራመር፣ «ኖር!» ብለው ብድግ ይላሉ። እጥፋቱ ይጠፋል። ሲመለሱ ሌላ እጥፋት ይዘው ይመለሳሉ። ያን ስጀምር ቄሰ ገበዙ ያልፋሉ፤ ጋቢው ከትከሻ ይወርዳል። መሀሉ ላይ ተሳስቼ «አባየ፣ ጋቢዎ ላይ እኮ ሰማያዊ አለ፤ ከሥሩም ቡኒ ነገር ይታየኛል» ብል እናቴ ከውስጥ ሰምታ ወጣች። «ምን አልሽ? ይህን ጋቢ ወንዝ ወርጄ በሳሙና አሽቼ አጥቤዋለሁ!» ብላ ተቀየመችኝ። ነጭ ውስጥ ነጭ እንደሌለ ለባለሙያ ሴት ማስረዳት አይቻልም። ማታ ላይ ሸራዬን ሳየው አንድ ሽማግሌ በጋቢዎች ክምር ተውጠዋል። እሑድ መምህሬ በስልኬ ያነሣሁትን ፎቶ አይቶ «ይህ ሰውዬ ስንት ጋቢ ነው የለበሰው?» አለኝ። «ሞዴል መንቀሳቀስ የለበትም፤ እንደምንም ብለሽ አስቀምጪው።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደምንም አልኩ። «በሞቴ፣ አባየ፣ ዛሬ እንኳ አይነሡብኝ።»

«ሰው መጥቶ እንዴት አርጌ?»

«በሞቴ አልኩ እኮ!»

በሞቴ ተብሎ ዝም አይባልም። አባቴ ተበሳጩ፤ ሲበሳጩ ደግሞ ይምላሉ። «እሽ፤ ጊዮርጊስን! ጨረስኩ እስክትይኝ ድረስ ከዚህ ወንበር ብነሣ እሱ ይፍረድብኝ!» አሉ። ጊዮርጊስ የደብራችን ታቦት ነው። አባቴ በስሙ ምለው ቃላቸውን አጥፈው አያውቁም። እኔ ሆዬ ፈነደቅኩ። ዓለም ላይ ካሉ ሠዓሊዎች በታቦት የተገዘተ ሞዴል ያለኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ጠዋቱ ገነት ነበር። እጥፋቱ እንዳለ ቆየልኝ። ጨርቁ ትከሻቸው ላይ ተይዞ፣ ደረታቸው ላይ ላላ ብሎ፣ ጉልበታቸው ላይ እንደገና ተወጥሮ ሲወርድ፣ የክፍሌ ሸንተረርና ሸለቆ ሁሉ እዚያ ላይ አለ። ብርሃኑ ከጋቢው ተመልሶ አገጫቸውን ከሥር ሲያበራው አየሁ። ሰባ ምናምን ዓመት የቆየ አገጭ ከሥሩ እንዲህ እንደሚያበራ ማን ነገረኝ? ገበያተኛው በፊታችን እየጎረፈ ነበር። አባቴ ተቀምጠው «ኖር» ይላሉ፤ መንገደኛው «በእግዜር» ብሎ ያልፍና አንድ አምስት እርምጃ ሄዶ ዞር ብሎ ያያል። እኔ ይህን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ዓይኔ ጨርቅ ላይ ነበር።

ገበያ ደግሞ የሚሸጥ ነገር ብቻ አይደለም ይዞ የሚሄደው። ጠዋት «ፈንቴ ዛሬ አልተነሣም» ተብሎ የገባው ወሬ፣ እህል ሲሰፈር «ፈንቴን እግሩን ይዞታል» ሆነ፤ ሰው ወደ ቤቱ መመለስ ሲጀምር «ፈንቴ ከወገቡ በታች ሽባ ሆኗል» ሆኖ መጣ። ከቀትር በኋላ ሴቶች በረንዳችን ላይ መሰብሰብ ጀመሩ። «እግዜር ይማርዎ» ይላሉ። አባቴ «ደኅና ነኝ፣ ይመስገን» ይላሉ። ይህ መልስ አልረዳቸውም፤ በእኛ አገር ሊሞት ያጣጣረ ሰውም የሚመልሰው ይህንኑ ነው። አንዷ ወደ እናቴ ጠጋ ብላ «ሰውነታቸውስ አልተበላሸም፤ ዓይናቸውም ያያል» ብላ ስታጽናና ሰማኋት። እናቴ መሐላውን ብትነግራቸውም የአስታማሚ ማስተባበያ መሰላቸው።

እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነው። አሁን አጎቴን ላስተዋውቃችሁ።

አያ ጥሩነህ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ነው። እናታቸው ካረፉ በኋላ ርስቱ ድንበር ላይ በበቀለ ባሕር ዛፍ ተጣሉ። አንዱ «ጥላው ጤፌን ገደለው» ይላል፣ ሌላው «ሥሩ የእኔን ውኃ ጠጣው» ይላል፤ ዛፉ በሁለቱም ላይ ያድጋል። እንዲሁ እንደተኳረፉ ዓመታት አለፉ። ቅዳሴ ላይ አንዱ በሰሜን በር ከገባ ሌላው በደቡብ ይገባል። አባቴ ስለ ወንድማቸው ክፉ ተናግረው አያውቁም፤ ስማቸው በተነሣ ቁጥር ግን ምግብ ይተዋሉ። «ሳንታረቅ አንዳችን ብንሞት ለቅሶው ላይ ምን ብዬ ነው እምቆም?» ሲሉ አንድ ማታ ሰምቻቸዋለሁ። ታርቀው ማየት ከሁሉ በላይ የምመኘው ነገር ነበር። መጀመሪያ ማን ይሂድ የሚለው ነው ያልተፈታው።

አያ ጥሩነህ ገበያ ውለው ነበርና ወሬውን ሰሙ። የያዙትን በግ ለሰው አደራ ጥለው፣ በጊዮርጊስ በኩል ዞረው በፕላስቲክ ጠርሙስ ጸበል ቀድተው፣ ያ ሁሉ ኩርፊያ ሳይታወሳቸው እየሮጡ መጡ። በሩ ላይ ሳያቸው እንደ ሰም የለሰለሰ ፊት ነበራቸው። ብሩሼ እጄ ላይ ቀረ። በልቤ «ደረሰ!» አልኩ።

አባቴ አዩዋቸው። እጃቸው ወደ ጋቢያቸው ሄደ፤ ከትከሻቸው ግማሽ ድረስ አወረዱት። ሌላው እጃቸው ወንበሩን ተጫነ። ጉልበታቸው ሲነሣ አየሁ። ከዚያ ባሉበት ቆሙ። ጊዮርጊስ ትዝ አላቸው።

«ፈንቴ፣ ወንድሜ፣ እግርህን ነው አሉኝ?» አሉ አጎቴ፤ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

አባቴም ዕድሜ ልካቸውን ሲመልሱት የኖሩትን መለሱ። «ምንም አልሆንኩ፤ ደኅና ነኝ፣ ይመስገን።»

«እግርህም?»

«እግሬም ደኅና ነው፣ ይመስገን።»

አያ ጥሩነህ የአባቴን እግር አዩ። ፊታቸውን አዩ። ቆዳው ሞልቷል፣ ዓይኑ ጠርቷል፤ ይህ ሰው ጤነኛ ነው። ጤነኛ ሆኖ፣ ታላቅ ወንድሙ በእግሩ መጥቶበት፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። «ደኅና ከሆንክስ እሰይ» አሉ። ጸበሉን በሩ ሥር በጥንቃቄ አኖሩና ዞሩ።

ብሩሼን እንደያዝኩ ሮጥኩ። መንገዱ ላይ ደርሼባቸው «አጎቴ፣ አይቀየሙ፤ ምለው ነው፣ ለሥዕሉ ሲሉ ነው!» አልኳቸው። ነገሩን ያስረዳሁ መስሎኝ። ቆም አሉና ብሩሹን አዩት። «ለሥዕል? እኔ ከሥዕል አንሼ ነው ልጄ?» አሉኝ። ሄዱ።

ስመለስ ሴቶቹ ተበትነዋል። አባቴ እንደነበሩ ናቸው፤ ጋቢው ከትከሻቸው ግማሽ ወርዶ፣ እጃቸው ወንበሩን ተጭኖ፣ አንድ ጉልበታቸው ከፍ ብሎ፣ ዓይናቸው በሩ ሥር ያለው ጸበል ላይ። «አባየ፣ ይነሡ በቃ፤ ሥዕሉ ገደል ይግባ» አልኩ።

«ጨረስሽ?»

«አልጨረስኩም፣ ግን—»

«እንግዲያ ጨርሽ።»

«ጋቢውን እንኳ ወደ ቦታው ይመልሱት።»

«ተይው አልኩሽ። ጨርሽ።»

ውሸቴን ጨርሻለሁ ልላቸው አሰብኩ፤ በታቦት ተምሎበት ውሸት እንዴት ይሆናል? ስለዚህ ሳልኩ። እያለቀስኩ ሳልኩ፤ ዕንባ ከተልባ ዘይት ጋር አይዋሐድም እንጂ ቢዋሐድ ቀለም ይተርፈኝ ነበር። የጠዋቱን ውብ እጥፋት በጨርቅ ጠረግኩትና ፊቴ ያለውን ብቻ አስቀመጥኩ። ሰው ሲቸኩል የሚያምርና የማያምር አይለይም። ትከሻው ባዶ ከሆነ ባዶ፣ ጉልበቱ ከተንጋደደ የተንጋደደ። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር «ጨረስኩ» አልኳቸው። አባቴ ብድግ ብለው በቀጥታ ወደ በሩ ሄዱ፤ ጸበሉን አነሡ፤ ወደ ወንዙ አቅጣጫ እያዩ ብዙ ቆሙ። አጎቴ ግን ከተሻገሩ ቆይተዋል። ሥዕሉን ዞር ብለውም አላዩት። «ወደ ግድግዳው አዙሪልኝ» ብቻ አሉኝ። እርጥብ ሸራ በሚኒባስ ስለማይጫን ፊቱን ወደ ግድግዳ እንደሰጠ እዚያው ቀረ።

ከዚህ በኋላ የሆነው በአገሩ ወግ የሆነ ነው። አባቴ ሽማግሌ ላኩ። አጎቴ ሁለቴ «አልሰማም» አሉ። በሦስተኛው፣ ገናም እየቀረበ ስለነበር፣ «መጥቼ እሰማለሁ፤ እታረቃለሁ ግን አላልኩም» አሉ። ታናሽ በታላቅ ላይ አጥፍቷልና አባቴ ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ ይጠይቁ ተብሎ፣ ልከኛ ድንጋይ ተመርጦ ጓሮ ተቀመጠ። እኔም ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። ለፈቃዱ «የቤተሰብ ጉዳይ» አልኩ፤ የሥዕል ጉዳይ ብል ማን ይፈቅድልኛል?

የዚያን ዕለት አባቴ ከማለዳ ጀምሮ ቆመው ዋሉ። እናቴ «ኧረ አረፍ ይበሉ» ብትላቸው አልሰሙም። የነፍስ አባታቸውና ሁለት ሽማግሌዎች ከአጎቴ ጋር ገና ከአጥሩ ውጭ ሳሉ «ኖር!» አሉ አባቴ፤ መንደሩ ሰማ። ገብተው ተቀመጡ። ቄሱ መሐላውን አስረዱ፤ እንዲህ ላለ ነገር መማል እንደማይገባ ተናግረውም ለአባቴ ቅጣት የሚሆን ስግደት አዘዙ። አጎቴ አዳመጡ። ሲጨርሱ «መሐላውን ተቀብያለሁ» አሉ። «እኔን ያቃጠለኝ እግሩ አይደለም፤ እግሩ ታስሯል እንበል። ልቡ ግን ተነሥቶልኝ ነበር ወይ? ይኸን ማን ይመሰክርልኛል?»

የሰው ልብ እንዴት ይመሰከራል? አባቴ «ተነሥቶ ነበር» ቢሉ ማን ያምናል? ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ድንጋዩ ይምጣና እንጨርስ» ሲሉ አጎቴ እጃቸውን አነሡ።

«ቆዩማ። ያ ያጣላን ሥዕል የት አለ? ከእኔ የበለጠው ነገር ምን እንደሚመስል እንኳ ልየው።»

አባቴ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ሄጄ ሸራውን ከግድግዳው ገለበጥኩ። እኔም በዚያ ብርሃን ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። አንደኛው ሽማግሌ ጎንበስ ብለው መረመሩና «ጋቢውስ ጋቢ ነው፤ አፍንጫው ግን የፈንቴ አይደለም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አፍንጫ አልሆነልኝም። አጎቴ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ቀረቡ። በባዶው ትከሻ ጀመሩ፣ ግማሽ በወረደው ጋቢ አለፉ፣ ወንበሩን ወደ ተጫነው እጅ ወረዱ፣ ጉልበቱ ላይ ቆሙ። ጣታቸውን ቢያሳርፉበት ያልደረቀው ነጭ ቀለም ያዛቸው፤ አላስተዋሉትም።

«ይኸ ሰውየ ተቀምጦ ነው እምትሉት?» አሉ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው። «እዩት እንጂ! ጋቢውን እኮ እያወረደ ነው። ጉልበቱም ተነሥቷል።» ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ። ድምፃቸው ያን ቅዳሜ በሩ ላይ የሰማሁት ድምፅ ነበር። «ፈንቴ፣ ማን መጥቶብህ ነው እንዲህ የሆንኸው?»

አባቴ ቀና አሉ። «አንቱ መጥተው ነዋ፣ አያ» አሉ።

ድንጋዩን ያስታወሰ የለም። ሁለት ሽማግሌ ወንድማማቾች ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው እንደ ልጅ ሲነፋረቁ እኔም አለቀስኩ፣ እናቴም አለቀሰች፤ አፍንጫውን የነቀፉት ሽማግሌ እንኳ አፍንጫቸውን ጠረጉ። አጎቴ ጣታቸው ላይ የነበረውን ቀለም የአባቴ ጋቢ ላይ አተሙት። እናቴ አየችው፤ ምንም አላለችም። የባሕር ዛፉ ነገር ለጊዜው በይደር ተቀመጠ፤ ዕርቅ ሁሉን በአንድ ቀን አይጨርስም።

ሸራው ከደረቀ በኋላ ለመምህሬ ወስጄ አሳየሁት። ራሱን ነቀነቀ። «ቀለሙ ጥሩ ነው። ግን ጉልበቱ ትክክል አይደለም፤ የተቀመጠ ሰው ጉልበት እንዲህ አይሆንም። ጋቢውም ሊወድቅ ነው። ሞዴልሽ ተንቀሳቅሶብሻል፤ አርሚው» አለኝ። «እሺ» አልኩት። ሥዕሉን ጠቅልዬ ወደ ቡሬ መለስኩት።

ሳደርስ አጎቴ እዚያው ነበሩ፤ አሁን በየሰበቡ ወንዙን ይሻገራሉ። ሥዕሉ ሲሰቀል ቆመው አሰቀሉና፣ ወደ መውጫቸው ላይ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብለው «እኔንም ትስይኛለሽ» አሉኝ።

«ምን ገዶኝ፣ አጎቴ! መቼ ይቀመጡልኛል?»

«መቀመጥ?» አሉ ክው ብለው። «መቀመጥ የለም! እኔን ቆሜ ነው እምትስይኝ። ማን እንደሚመጣ በምን ይታወቃል?»

እንግዲህ እሑድ መምህሬን ልለምነው ነው። የቆመ ሰው ገና አልደረስንበትም።